ሂና ያልነካው አውራ ጣት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የወረዳው ልጆች ለአዳዲስ ምርጫ አስፈጻሚዎች ንግግር እንዳደርግ ጠሩኝ። ኮቴን አስተኩሼ ሄድኩ። ገና ስለ ጣት ማውራት ስጀምር መድረክ መሪዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ፣ ሰዓት አልቋል፤ በቃ እናመሰግናለን» አለችኝ። አጨበጨቡልኝ፤ አንድ ጠርሙስ ውኃ አስይዘው ሸኙኝ። አልተቀየምኩም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ የጠሩኝም አክብረውኝ ነው። ግን እኔ የሠራሁት ሥራ አንድ ጠርሙስ ውኃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚነገር አይደለም። ያልተናገርኩትን ልጽፈው የወሰንኩት ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ካዛንቺስ ውስጥ ሰውን ለምርጫ በማዘጋጀት እኔን የሚያክል አልነበረም። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ይህን የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ ወይ አርፈዋል ወይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። ስለዚህ እኔው እለዋለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከካዛንቺስ ታፔላ ነው። በወጣትነቴ በየግሮሰሪው ደጃፍ የቢራ ሳጥን አወርድ ነበር። ሳጥኑን አስቀምጬ ትንፋሼን እስክሰበስብ ድረስ ቀና ብዬ ታፔላውን አያለሁ፤ የሚያልፈውን ተማሪ አስቁሜ «ይቺ ማን ናት?» እላለሁ፤ ይነግረኛል፤ በሚቀጥለው ግሮሰሪ ያችኑ ፊደል እፈልጋታለሁ። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ቃል «ልኳንዳ» ነው። ዛሬም ድረስ «ኳ»ን እንደ እኔ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ቁጥር ደግሞ ከታክሲ ታርጋ ተማርኩ። ማንበብ መቻሌን ያየ አንድ የቀበሌ ሰው ተላላኪ አድርጎ አስቀጠረኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ነበር። እኔም ወረቀት የራበኝ ሰው ስለነበርኩ ተስማማን።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ቀበሌው ለምርጫ ጣቢያው ሰው ያውሳል። እኔን መጀመሪያ ያዋሱኝ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር እንድሸከም ነው። ያኔ ነገሩ ለሁላችንም አዲስ ነበር፤ ለመራጩም፣ ለአስመራጩም። የጣቢያው ኃላፊ እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ከመምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ያን ዕለት ጠዋት አንድ አዛውንት ወረቀቱን ይዘው ግራ ሲጋቡ አየሁ። ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ምልክት የሚያደርጉት እዚህ ሳጥኑ ውስጥ ነው» ብዬ በጣቴ ላሳያቸው ስል ከኋላዬ «እጅህን!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«ገና አላጠፋህም፤ ልታጠፋ ነበር። ጣትህ የት ሊያርፍ ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ።»

«ወረቀቱ ላይ የት? ከተወዳዳሪዎቹ በአንዱ ላይ ነዋ! እሳቸውም ‹የቀበሌው ሰው እዚህ ላይ አሳየኝ› ብለው እዚያው ያደርጉታል። ከአሁን ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ጣት የለህም። ሁለት እጅህን ወደ ኋላ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርጫ ጣቢያ ስገባ እጄ ከወገቤ በስተኋላ ነው። ቆይቶ ልማድ ሆነብኝና ለቅሶ ቤትም እንደዚያው ስቆም የማያውቀኝ ሰው «መኮንን ነበሩ እንዴ?» ይል ጀመር። አላረምኩም።

እትዬ አስካለ በምርጫው ዋዜማ መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ራሳቸው ከውስጥ ገብተው ይቆማሉ። «ደምሴ፣ ምን ይታይሃል?» ይላሉ።

«ጥላዎ።»

«እጄስ?»

«ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።»

«መስኮቱ ከኋላዬ ስለሆነ ነው። አዙረው።»

ጠረጴዛውንም መጋረጃውንም እናዞረዋለን። እንደገና ይገባሉ፤ እንደገና ይጠይቃሉ። ጥላቸው እስኪጠፋ ድረስ አይወጡም። ሌላው ጣቢያ መጋረጃ ሰቅሎ ቡና ሊጠጣ ሲሄድ እኛ ጥላ እናባርር ነበር።

ሰውን ሲያስተምሩ ደግሞ የእውነተኞቹን ተወዳዳሪዎች ምልክት ፈጽሞ አያሳዩም። የልምምድ ወረቀት አዘጋጅተው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያወዳድራሉ። ሥዕሉን የምሥለው እኔ ነኝ። ጎመኔ ቅጠሉ ሳይቀር ይለይ ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ሰዉ ተሰልፎ ምሳውን ይመርጣል። አንድ ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ሥጋ የት አለ?» አለ።

«ሥጋ ዘንድሮ አልተመዘገበም» አልኩት።

«አስቀድማችሁ ነው የወሰናችሁ ማለት ነው!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው።

አንዲት ሴት ሦስቱም ላይ ምልክት አድርገው መጡ። «እትዬ፣ ሦስቱንም መረጡ እኮ!» ስላቸው «አዎ፤ እኔ የምፈልገው በየዓይነቱ ነው» አሉ። እትዬ አስካለ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። «በየዓይነቱ አይቆጠርም። እኚህ እናት ዛሬ ጦማቸውን ሊውሉ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቦታ ምልክት ያደረገ ሰው በሰፈራችን አልሰማሁም። አንድ ሌላ ሰውዬ ደግሞ ከሽሮው አጠገብ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመበት። «የኔ መሆኑ እንዲታወቅ ነው» አለ። የእውነቱ ወረቀት ላይ ስም መጻፍም፣ መፈረምም እንደማይቻል የሰፈሩ ሰው ከእሱ ተማረ።

አጣጠፉን የማስተምረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። የማይጽፍ ሰው በአውራ ጣቱ አሻራ ነው የሚመርጠው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ካጠፈው ማዶ ያለው ተወዳዳሪ ላይም ይታተማል፤ ሲቆጠር ሁለት የመረጠ ይመስላል። ስለዚህ «እፍ በሉበት፤ ትኩስ ሻይ እንደምታበርዱት እፍ በሉበት፤ ከዚያ ባዶው ባዶው ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እጠፉት» እላለሁ። ይህን ከየትም አላነበብኩም፤ በልምምድ ወረቀት ላይ ራሴ አሻራዬን እያተምኩ፣ እያጠፍኩ፣ እየፈታሁ ያገኘሁት ነው። እትዬ አስካለ ሲያዩት «ይህን አንተ አስተምር» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁሉም ልማዳቸው ግን የምወደው አንድ ነው። በምርጫው ቀን በማንኛውም ምክንያት ሳይመርጥ የተመለሰ ሰው ካለ፣ ሥራው ተጠናቆ ወረቀቱን ሁሉ ካስረከቡ በኋላ፣ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አበልም የለውም። «ሰው በር ላይ ከመለስክ በሩን ታስረዳዋለህ» ይሉ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤት ለቤት የሚዞረው ሥራ ወደ እኔ መጣ። ካዛንቺስን ግቢ በግቢ አውቃታለሁ፤ ውሻው የሚጮህብኝ ግቢ የለም። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እገባና አስቀድሜ መታወቂያቸውን አያለሁ፤ ጊዜው ያለፈበት ካለ ዛሬውኑ ሄዶ እንዲያሳድስ ቆሜ እጨቀጭቃለሁ። ተከራይ ከሆነ እዚህ ከገባ ስድስት ወር ሞልቶት እንደሆነ እጠይቃለሁ። መታወቂያ የሌላቸው የቤት ሠራተኞች አሉ፤ እመቤቶቻቸው «እሷ ደግሞ ካርድ ምን ታደርግበታለች?» ሲሉኝ «እርስዎ ምን እንደሚያደርጉበት ስትሰማ ትወስናለች» እላለሁ። የሚያውቋት ሰዎች ቀርበው ሊመሰክሩላት እንደሚችሉ እነግራታለሁ። ካርድ ያወጣውን ደግሞ «በሉ የት አስቀመጣችሁት? አሳዩኝ» እላለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ካርዱን ላሚኔት አስደርጎ አገኘሁት። እንዲያብረቀርቅ አይደለም የተሰጣችሁ ብዬ ተቆጣሁ፤ መጽሐፍ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ቤቶቹ መፍረስ ሲጀምሩና ሰው ወደ ጎተራና ወደ ሰንጋ ተራ ሲበተን፣ ስልኬ እረፍት አጣ። «ጋሽ ደምሴ፣ እዚያው ካዛንቺስ መጥተን ብንመዘገብስ? ሰው የምናውቀው እዚያ ነው» ይሉኛል። «ለሰንበቴ ወደዚህ ኑ፤ የምትመዘገቡት ግን አሁን በምትኖሩበት ነው» እላቸዋለሁ። «እዚህ ማንን እናውቃለን?» ሲሉኝ «የሚወዳደሩትን እወቁ፤ ሲያወሩ ሄዳችሁ ስሙ፣ ጠይቁ፤ የውኃውን ነገር ጠይቁ፣ የሊፍቱን ነገር ጠይቁ» እላለሁ። ማንን እንደሚመርጡ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሊነግረኝ የጀመረም ካለ ጆሮዬን በሁለት እጄ እይዛለሁ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ሥራዬን አሳምሬ እንደማውቅ እንድታምኑኝ ነው። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለተሸነፍኩበት ቀን ነው።

የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። ወሩ ሚያዝያ፤ እኛ ሁዳዴ ጾም ላይ ነን። እትዬ ራህመት የምትባል ጎረቤታችን፣ ከቤቷ በር ላይ ባላት ሱቅ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ የመጀመሪያ ልጇን ሰሚራን የምትድረው በዚያው እሑድ ነው። ሰሚራ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጥ ነበረች። ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ፤ ግን አልልም። ራሷ ነች ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ ፈርማ ካርዷን ይዛ የመጣችው። መንገድ ላይ አስቁማኝ «ጋሽ ደምሴ፣ ይኸው!» ብላ ካርዱን ስታሳየኝ ዓይኗ ይስቅ ነበር። የልምምድ ወረቀቱንም ሠርታለች፤ ምስር ነው የመረጠችው።

እሑድ ማለዳ፣ ሳይሞሽሯት በፊት፣ ሻርፕ ተከናንባ ሰልፉ ላይ ቆመች። ከውጭ አጎቷ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። በር ላይ የመራጩን ጣት የምታይ ልጅ ነበረች። የመረጠ ሰው አውራ ጣቱ የማይለቅ ቀለም ስለሚቀባ፣ መጀመሪያ የሚታየው ጣት ነው።

«ጣትሽን አሳዪኝ» አለቻት።

ሰሚራ እጇን ከሻርፑ አወጣች። ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን የተቀባችው ጥቁር ሂና ነው። አበባው ከክርኗ ይጀምርና ጣቶቿ ጋ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፤ ጥፍሮቿ ከሥር እስከ ጫፍ ከሰል ይመስላሉ።

«መርጠሻል እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ሂና ነው! ዛሬ ሠርጌ ነው።»

«እንኳን ደስ አለሽ። ግን ከሥሩ ሌላ ቀለም ይኑር አይኑር በምን ልወቅ?»

ታዛቢዎቹ ተነሡ። አንዱ «ሂና መሆኑ ግልጽ ነው፣ ትግባ» አለ። ሌላው «ዛሬ አንዷን በሂና ካስገባን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቀብቶ ነው የሚመጣው» አለ። «ካርዴ እኮ ይኸው! መዝገቡ ላይ ከስሜ ፊት ለፊት አልፈረምኩም፣ እዩት!» አለች ሰሚራ። «ሌላ ጣቢያም ካርድ አውጥተሽ ቢሆንስ? ጣት የሚታየው እኮ ለዚህ ነው» አላት ያው ሁለተኛው ታዛቢ። እኔ ደሜ ፈላ። «ይቺን ልጅ ከአንቀልባዋ ጀምሬ አውቃታለሁ!» አልኩ። «እርስዎ አወቋት፤ ጣቷ ግን አይታወቅም» አለኝ።

እትዬ አስካለ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። የሰሚራን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። አውራ ጣቷን ገልብጠው አዩት፤ መልሰው አዩት።

«ልጄ፣ አይታየኝም» አሉ።

«ምኑ?»

«አለመምረጥሽ። አምንሻለሁ። ግን እዚህ የቆምኩት አይቼ እንዳስገባ ነው፤ አምኜ እንዳስገባ አይደለም። አንቺን ባምን ቀጥሎ የሚመጣውንም ማመን አለብኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጣቴን ልቁረጠው?»

መኪናው ክላክስ አደረገ። ሰሚራ እጇን ሻርፑ ውስጥ ከተተችና ልትወጣ ስትል እኔን አየችኝ። «ሁሉንም ነገር አስተምረውኝ ነበር እኮ፣ ጋሽ ደምሴ» አለችኝ። ወቀሳም አልነበረም፤ ለስለስ አድርጋ ነው ያለችው። እኔ ያን ቀን ሰው በሰው ላይ ተሰልፎ፣ ሥራው ሳይንጓተት፣ አንድም የተበላሸ አጣጠፍ ሳይኖር ነው የዋልኩት፤ ግን ከዚያ ቀን የማስታውሰው የእሷን ድምፅ ነው።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ «ና እንሂድ» አሉኝ። እትዬ ራህመት ቤት ገባን። ሻይ አቀረበችልን፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«ልጄ በሠርጓ ቀን ስታለቅስ ዋለች» አለች። «ሰዉ የእናቷን ቤት መልቀቅ ከብዷት መስሎት አብሮ አለቀሰ።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም» አሉ እትዬ አስካለ። «ያደረግሁት ልክ ነው፤ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ። የመጣሁት ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ምን እንደሚበጅ ልጠይቅሽ ነው።»

«ለሚቀጥለው! የሚቀጥለውማ ሐያት አለች። እሷ እንኳ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም» አለች እትዬ ራህመት፤ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እኛም ሳቅን። ሻዩ ከዚያ በኋላ ነው የጣፈጠን። እትዬ አስካለ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጣቱ፣ ሁለት ጊዜ ልምረጥ የሚል ሰው እንዴት እንደሚያዝ አንድ በአንድ አስረዷት። ስንወጣ በር ላይ አቅፋ ሳመቻቸው።

መንገድ ላይ ሲሄዱ ሲሄዱ ቆሙ። «ደምሴ፣ እኛ ለሰዉ ወረቀቱን አስተማርነው። ሰው ግን ለምርጫ የሚመጣው ሠርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ ሥራውንም ይዞ ነው። ከእንግዲህ ቤት ለቤት ስትዞር ‹በዚያ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ ምን አለ?› ብለህ ጠይቅ» አሉኝ።

ጠየቅሁ። ይህን አንድ ጥያቄ ከያዝኩ በኋላ ነው እውነተኛ ባለሙያ የሆንኩት። ጋራዥ ገብቼ መካኒኮቹን «በዋዜማው እጃችሁን በነጭ ጋዝና በሳሙና አጽዱ፤ በተለይ ጥፍራችሁን» አልኳቸው። ሊስትሮዎቹን «ጥቁር ቀለም ቅዳሜ ማታ አቁሙ» አልኳቸው። «ቅዳሜ ማታ እኮ ነው ገበያው፣ ፋዘር!» ብለው ሳቁብኝ፤ ግን እሑድ የመጡት ጣታቸውን ፈትገው ነው። ለቅሶ ያለበት ቤት ማን በየትኛው ሰዓት ተተክቶ እንደሚሄድ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት የሚያምነውን ሰው ይዞ ሊመጣ እንደሚችል፣ የሌሊት ጥበቃ የሚያድር ሰው ሥራውን አስረክቦ በቀጥታ እንዲመጣ እየነገርኩ አዘጋጀሁ። እትዬ አስካለ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ «የማያይ ሰው በር ላይ አይቆምም» ብለው ኃላፊነቱን በገዛ ፈቃዳቸው ተዉ። ከዚያም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ሥራውን የተማርኩት ከእሳቸው በመሆኑ ፈጣሪዬን የማላመሰግንበት ቀን የለም።

ቀጣዩ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ እትዬ ራህመት ሱቅ ደረስኩ። ቅመም ትመዝናለች።

«በዚያ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

መዝና ሳትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና ሚዛኑን አስቀመጠችው። «ሐያትን ልድር ነው» አለች።

«መቼ?»

«እሑድ።»

«የትኛው እሑድ?»

«ያንተው እሑድ ነዋ!»

ቀን እንዳይለወጥ አዳራሹ ተይዟል፤ የወንዱ ዘመዶች ከየአገሩ ተጠርተዋል። ሐያት ደግሞ ካርዷን ካወጣች ቆይታለች፤ እኔ ነኝ ያየሁላት። እህቷ የሆነችውን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«ሂናውን ትቀባ፤ አውራ ጣቷን ግን ይተዉላት» አልኩ።

«አንድ ጣት የጎደለባት ሙሽራ!» አለች እትዬ ራህመት። «አማቾቻችን ምን ይላሉ? ሂና አለቀባቸው ይበሉን? ሙሽራ እኮ ናት፣ ጋሽ ደምሴ! ሰው የሚያየው እጇን ነው።»

ሐያት ከጓዳ ወጣች። «እማ፣ ችግር የለውም፣ በቃ አንዱን ጣት እንተወው። ማለቴ፣ ማን ይቆጥረዋል?»

«አንቺ ዝም በይ! ሁሉም ነው የሚቆጥረው።»

ክርክሩ ያን ቀን አላለቀም። በማግስቱም ሄድኩ፤ አላለቀም። ሐያት እናቷን አስከፍታ መዳር አልፈለገችም፤ ሳትመርጥም መዳር አልፈለገችም፤ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። በሦስተኛው ቀን ወራቤ ለምትኖረው ለሰሚራ ደውላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሰሚራ አራስ ነበረች፤ ለሠርጉ መምጣት አትችልም። ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«እማ» አለች፤ «እኔ ዘንድሮም አልመርጥም፤ አራስ ቤት ነኝ። የሠርጌን ፎቶ ሳወጣ እጄ በጣም ያምራል፣ ሁሉም ይለኛል። እኔ ግን እጄን ሳይ የሚታየኝ ያ በር ነው። ሐያት እንዲህ ዓይነት ፎቶ አይኑራት።»

እትዬ ራህመት በጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈች፤ ፈታች፤ እንደገና አጠፈች። «እሺ» አለች በመጨረሻ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አማቾቼ ከጠየቁኝ ግን መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ!» አለችኝ።

«በደስታ» አልኩ። ለዚህ የሚሆን ንግግር በራሴ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር።

ሂና በሚቀባበት ከሰዓት በኋላ ፕላስተር ይዤ ሄድኩ። ወንድ ስለሆንኩ ውስጥ አልገባሁም፤ ከደጅ ወንበር ተሰጥቶኝ በመጋረጃው በኩል አዝዛለሁ። «መጀመሪያ አውራ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልሉት! ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈን! ስትተኛ እንዳይነካካ እስከ ማለዳ አይፈታ!»

ከውስጥ አንዷ «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎንም ቀብተን ብንድርዎትስ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ከቀባችሁኝ አውራ ጣቴን ተዉልኝ!»

«የምታጌጠው ለባሏ ነው ወይስ ለምርጫ?» አለች ሌላዋ።

«ባሏን መርጣለች፤ አሁን የቀራት ምክር ቤቱ ነው» አልኩ። ሚዜዎቹም ራሳቸው መራጮች ስለነበሩ አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ጠቀለሉ። ፕላስተሩ አለቀና ሱቅ ወጥቼ ጨምሬ መጣሁ።

እሑድ ጣቢያው ሲከፈት ሐያትና እናቷ ሰልፉ ላይ ነበሩ። እኔ ሰልፉን አስተናብራለሁ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት መምህር ነው። በር ላይ ያለው ልጅ የሐያትን እጅ ሲያይ «ውይ!» ብሎ ወደ ኋላ አለ፤ ሐያት ግን ፈጥና አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አነሣችለት። ነጭ ነው፤ ከመታሸጉ የተነሣ ቆዳው ተሸብሽቧል። ነገር ግን ከጥፍሩ ወጣ ብሎ፣ በጎን በኩል፣ ፕላስተሩ ላልቶ የገባች አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ አለች።

ታዛቢዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ኃላፊው ተጠራ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ወደ ብርሃን አዞረው።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ።

«ሂና ናት፤ አምልጣ ነው» አለች ሐያት።

ጥፍሩን ከሥሩ ጀምሮ አየው። እያንዳንዱ ታዛቢ እንዲያይ አደረገ። «ቀለም የሚቀባው ጥፍሩ ላይ ነው። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። የሚቃወም አለ?» አለ። ማንም አልተቃወመም። «ይግቡ» አላት።

ካርዷን ሰጠች፣ ፈረመች፣ አውራ ጣቷን ቀለም ተቀባች፣ ወረቀቷን ተቀብላ ከመጋረጃው ገባች። ጥላዋ አልታየም። ወጥታ ያጠፈችውን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ስትጥል በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። እናቷም ተከትላት መረጠች።

ውጭ ሲወጡ እትዬ ራህመት የልጇን ሁለት እጅ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች። ቀለሙ ከሂናው ጋር አንድ ሆኗል፤ የትኛው የምርጫ፣ የትኛው የሠርግ እንደሆነ አይለይም።

«ሞላ!» አለች። «ጋሽ ደምሴ፣ ና እይ፣ እጇ ሞላ!»

ለአማቾቹ ያዘጋጀሁት ንግግር እዚያው ከንቱ ቀረ። እሷ ስልኳን አውጥታ ወራቤ ደወለች። «ሰሚራ፣ ገባች! አዎ፣ ገባች አልኩሽ! ሁለት እጇም ሙሉ ነው!» አለች። ከስልኩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሰሚራ እልል ስትል ለሁላችንም ተሰማ። ሰልፈኛው በሙሉ ዞረ።

ከሰልፉ መካከል አንድ ሽማግሌ ካርዳቸውን እያወዛወዙ «ገና ድምፅ ሳንሰጥ ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«ሙሽራዋ» አልኳቸው።